ቀዩን ሰካሽው?

የአባባ ሐኪም መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «የድሮ ቪዲዮ ካላችሁ አሳዩአቸው» አለን። «እንዲህ የሚረሱ ሰዎች የትናንቱን ይለቃሉ እንጂ የጥንቱን ቶሎ አይለቁም።»

ካሴትማ ሞልቶናል። የወንድሜ ሠርግ፣ የኔ ሠርግ፣ የልጆቹ ልደት፣ ሁሉም ቁም ሳጥን አናት ላይ በፌስታል ታስሮ አቧራ ጠግቧል። ችግሩ ማጫወቻው ዴክ ነው። አርጅቶ ካሴት መብላት ጀምሯል። አንዱን ልደት ጥቁር አንጀቱን ዘርግፎ ሲተፋው ካየሁ ወዲህ ልነካውም እፈራለሁ።

«ገልባጭ እንገዛለን» አለች ሴቷ ልጄ። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒዩተር ጋር ናት።

«ገልባጭ? አሸዋ ልናመላልስ ነው እንዴ?»

«እማዬ ደግሞ! ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ዕቃ ነው። ጣት ታክላለች።»

ለምን ለባለሙያ ሰጥተን አይገለብጥልንም ብላት፣ «የቤታችንን ገበና ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አለችኝ። ወይ ልጄ! ገበናው የት እንዳለ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ሱቁን የጠቆሟት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። አሮጌ ዴክ የሚጠግን፣ ዕቃውንም የሚሸጥ አንድ ትልቅ ሰው አለ ብለዋት፣ አንድ ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ደረጃ ወረድን። ውስጡ የተቃጠለ የብየዳ እርሳስ ይሸታል። ግድግዳው ሙሉ የሪሞት መዓት ተሰቅሏል። ሰውየው ሆዱ የተከፈተ ዴክ ላይ አጎንብሶ በጥጥ ይጠርጋል። ቀና አለ። የበሩ ብርሃን ቢወጋው ግራ ዓይኑን ጨፈነ።

በዚያች በተጨፈነች ዓይን ነው ያወቅኩት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል። እሷ ግን ያቺው ናት።

«ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለኝ።

እርስዎ! ከሰው ሁሉ እሱ እኔን እርስዎ አለኝ። ካስቀመጠልኝ ወንበር ይልቅ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅ እያለን ሰፈሩ ሁሉ ብልጭታ ነበር የሚለው። እናቱ በየሰዉ ቤት ልብስ ታጥባለች፤ የኛንም ቤት ታጥብ ነበር። እሱ ሰፈራችን ካለው ስቱዲዮ ካሜራ ተከራይቶ ሠርጉንም የመዘምራኑንም ዝግጅት ይቀርፃል። ቀረፃ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ነጭ ወረቀት ይዞ ፊቱ መቆም አለበት። «ካሜራው ነጩን ካላወቀ ሌላውን ቀለም ሁሉ ይሳሳታል» ይላል። ታዲያ ሁልጊዜ የሚጠራው እኔን ነው። «ነጩን ያዢልኝ።» ወረቀቱን ደረቴ ላይ እይዛለሁ፤ ግራ ዓይኑን ይጨፍንና ያየኛል። ሌላው ካሜራማን ዓይን እስኪርገበገብ ነው የሚፈጅበት። የሱ ግን ይረዝማል። መዘምራኑ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ «ተስተካክሏል» ይላል፤ እኔም ፊቴ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ።

ፍቅራችን ከዚህ ብዙም አላለፈም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። የስቱዲዮው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ማውራት፣ መንገድ መሸኛኘት፣ አንድ ቃል ኪዳን። የወንድሜን ሠርግ ከቀረፀ በኋላ መጥቶ አባቴን ሊያነጋግር። ሠርጉን ቀረፀ። ካሴቱን በሰው ላከ። እሱ ግን አልመጣም። ቆይቶ አገር ለቆ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። አንዲት ቃል እንኳን ሳይልልኝ።

አገባሁ። ደግ ባል ሰጠኝ፤ ነፍሱን በገነት ያኑራት፣ አንድ ቀን አላስከፋኝም። ግን ያቺን «ለምን?» የምትል ጥያቄ ልጅ ወልጄ፣ ልጅ ድሬ፣ ባል ቀብሬም ከልቤ አላወጣኋትም። አሁን መልሱ ያለው ሰው ባንኮኒ ተደግፎ ቆሟል፤ ጣቱ ላይ ቀለበት አለ፤ እኔን አያየኝም።

ልጄ የመጣንበትን አስረዳችው። ዕቃ አውጥቶ ደረደረላት።

«ይቺ የራሷ ስክሪን አላት፣ ኮምፒዩተርም አትፈልግ። ግን ሥዕሉን ታለሰልሰዋለች፤ የሰዉ ፊት ሁሉ ሰም ይመስላል። ይቺኛዋ ኮምፒዩተር ላይ የምትሰካ ናት። ቢጫው ለምስል፣ ነጩና ቀዩ ለድምፅ። ይቺን ውሰጂ የኔ ልጅ። ያለውን እንዳለ ነው የምታስገባው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«ያቺ ትንሿስ?»

«እሷ ቀይ የላትም። በአንድ ጆሮ እንደ መስማት ነው። ተያት።»

ልጄ ሳቀች። «ለኛ እኮ ለውጥ የለውም ጋሼ! ቲቪያችን ድሮም ለድምፅ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው። ነጩን ብቻ ነው የምንሰካው። ቀዩ ገመድ እስከ ዛሬ ከነላስቲክ ቆቡ ነው፤ አንድ ቀን ተሰክቶ አያውቅም።»

እጁ ባለበት ቀረ።

«አንድ ቀን?» አለ።

«አንድ ቀንም።»

«የዚያን... የሠርጉ ካሴት ሲታይም?»

«የቱ ሠርግ?» አለች ልጄ ግራ ገብቷት።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ቤቱ ሲቃጠል ከሩቅ የሚያይ ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው። ከዚያ ዓይኑን ሰበረና ደህናዋን ዕቃ ከልጄ እጅ ተቀብሎ ባንኮኒው ሥር ከተታት። ያቺን ቀይ የሌላትን ወደኛ ገፋ።

«እንግዲያውስ ይቺ ትበቃችኋለች።»

«አሁን እኮ ተያት ብለውኝ ነበር ጋሼ!»

«ቀዩ ላይ ምንም የለም። የካሜራው ሞተር ጩኸት ነው። ትበቃችኋለች።»

ደሜ ፈላ። የናቀኝ መሰለኝ። «ለኔ ጎደሎው ይበቃኛል ማለት ነው?» አልኩ። «ሙሉውን ይስጡን።» አንቱታውን መለስኩለት።

«እባክዎን» አለ ዝቅ ብሎ። «ልምከርዎት፤ ይቺን ይውሰዱ።»

«ምክርዎን የምፈልገው ድሮ ነበር።»

ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። እሱ ለልጄ ብቻ፣ ዴኩ ካሴት የሚበላው ከእድፍ ብዛት እንደሆነ፣ በጥጥና በአልኮል ይጠረግ ብሎ አሳያት። ከዚያ ደህናዋን ዕቃ ከባንኮኒው ሥር መልሶ አውጥቶ ጠቀለላት። እኔ ደረጃውን ቀድሜ ወጣሁ። ልጄ ከኋላዬ «እማዬ፣ ቀስ በይ» ትላለች። ቀስ ብል የማለቅስ መስሎኝ ነበር።

*

አባባ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱ ጉልበቱ ላይ። ባሌ ሲሞት ልጆቼን እጃቸውን ይዞ ትምህርት ቤት ያመላለሰው እሱ ነው። አሁን አንዳንዴ እኔን እናቴን አድርጎ «አንቺ ሴት፣ ልጆቹ በሉ?» ይለኛል። በልተዋል እለዋለሁ።

ልጄ ዴኩን ጠራረገች፣ ገመዱን ዘረጋች። የቀዩን ላስቲክ ቆብ በጥርሷ ጎትታ አወጣችና፣ «ተፈታህ እስረኛ!» አለችው። ቢጫውን ሰካች፣ ነጩን ሰካች፣ ቀዩን ሰካች።

የወንድሜ ሠርግ ኮምፒዩተሩ ላይ ወጣ። ሙዚቃው፣ ጭብጨባው። እናቴ ሙሽሪትን ስታቅፍ አባባ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ያቻት! ያቻት!» አለ እንደ ሕፃን። እኔና ልጄ ተያየን፤ ተመስገን አልኩ በልቤ። ለዚህ ነበር የደከምነው።

ከዚያ ቤታችን ውስጥ «የስካሩ ክፍል» የምንለው መጣ። ካሜራው የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አለ፤ ካሴቱ በታየ ቁጥር የምንስቅበት። ወንድሜ «ብልጭታ ጨልጦ ነው!» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ እኔም እስቃለሁ፣ እንዳያውቁብኝ። ምስሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዤ በእንግዶቹ መሃል አልፋለሁ፤ ቀና ብዬ ካሜራውን አያለሁ፤ እስቃለሁ።

«ደረሰ፣ ደረሰ፣ የስካሩ ክፍል» አለች ልጄ።

በቀኝ በኩል ካለው ድምፅ ማውጫ ሰው ተናገረ። ቅርብ ነው፤ ጆሮ ሥር። የአባባ ድምፅ ነው፤ የያኔው፣ ጠንካራው።

«ስማ ልጄ። ካሜራህን ሳታቆም ስማኝ።»

«እሺ አባባ።»

«ልጄን እርሳት።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ራሴ መጥቼ ላነጋግርዎት...»

«ከራሴ አይደለም የመጣሁት። እሷ ናት የላከችኝ። ፊት ለፊት መናገር አፍራ ነው። የልብስ አጣቢ ልጅ አግብቼ ከጓደኞቼ በታች አልሆንም ብላለች።»

ጭብጨባው ከሩቅ ይሰማል። እኔ ምስሉ ላይ እየሳቅኩ ነው።

«እሷ ነች ያለችው?»

«እና እኔ ልዋሽህ ነው? ይኸው እያየሃት። የከፋት ትመስላለች?»

ካሜራው እኔ ላይ ቆየ።

«አይ» አለ። «አልከፋትም።»

«በል ሥራህን ጨርስ።»

ኮቴ ራቀ። ካሜራው መንቀጥቀጥ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ስንት ዓመት የሳቅንበት እዚያ ላይ።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለ አባባ ከወንበሩ ላይ። ግንባሩን ቋጥሮ ኮምፒዩተሩን ያያል። «ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ነው? ልጁን አሳዘነው እኮ!»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። «እማዬ... ነጩ የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ማይክ ነው። ቀዩ የካሜራው ነው።»

«ዝም በይ» አልኳት፤ ገና አላበቃም ነበርና። ካሜራው ወደኔ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ፊቴ ምስሉን ሞላው። አፉን ማይኩ ላይ አድርጎ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ።

«ይሄን ካሴት ስታዪ ትሰሚኛለሽ። አባትሽም ይስሙ፣ ሁሉም ይስማ፣ አልደብቅም። ብለሽ ከሆነ ዝም በይ። ዝምታሽ ይበቃኛል፤ አልቀየምሽም። ካላልሽ ግን ነጩን ወረቀት ይዘሽ ስቱዲዮ ነይ። ምንም አትናገሪ። ወረቀቱን ይዘሽ በሩ ላይ ቁሚ ብቻ። እጠብቅሻለሁ።»

ዝም ብያለሁ። ጌታዬ ሆይ፣ ዝም ብያለሁ! ሳልሰማው ዝም ብያለሁ። እሱ እዚያ በሩን እያየ፣ እኔ እዚህ በራችንን እያየሁ፣ መሃላችን አንዲት የላስቲክ ቆብ።

«የሱቁ ሰውዬ ነው አይደል?» አለች ልጄ ቀስ ብላ። ራሴን ነቀነቅኩ።

የአባባ እጅ እጄን ዳበሰኝ። ቆዳው የሳሳ እጅ። «አታልቅሺ አንቺ ሴት» አለኝ። «ፊልም እኮ ነው።»

*

ማታ ለጸሎት ቆሜ የአባባ ስም ላይ ስደርስ ምላሴ ታሰረ። ሁልጊዜ «አባቴን ጠብቅልኝ» የምለው ሰውዬ እኔን ሳይጠይቀኝ በኔ አፍ ተናግሯል። ብጮህበት እንኳን የሚሰማኝ ሰው የለም፤ ያ የተናገረው ሰው ከራሱ ከአባባ ውስጥ ከወጣ ቆይቷል። ጠዋት ፊቱን ሳጥበው ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ሰጠኝ፤ ልጆቼ ትንንሽ ሆነው እንደሚሰጡኝ። የሳሙናውን አረፋ ከጆሮው ሥር እየጠረግኩ፣ ይቅር ማለት ቃል መስሎኝ ነበር፣ ለካ እጅ ነው አልኩ። እጄ አልከለከለኝም። ልቤ ግን ገና ከኋላ ነበር።

ዕቃዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ብቻዬን ወደ ሱቁ ሄድኩ።

ብቻውን ነበር። አየኝ፤ ቦርሳዬን አየ። «ሊመልሱት ነው?» አለ።

ዕቃዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳት። የቤታችን ሦስት ገመዶች እንደተሰኩባት ተንጠልጥለዋል፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ። ቆብ የሌለውን ቀይ በጣቱ ነካው።

«ቀዩን ሰካሽው?»

አንቺ አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ሽበታችንን አልፎ፣ አንቺ አለኝ።

«ሰካሁት።»

ወንበሩን ሳያይ በዳበሳ ፈልጎ ተቀመጠ።

«አላልኩም» አልኩት። «አንድም ቃል አላልኩም። ማንንም አልላክሁም።»

«ልጅሽ ስለ ላስቲኩ ስትናገር ገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ሰምተሽ ዝም ያልሽኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«ታዲያ ለምን ጎደሎውን ልትሰጠኝ ፈለግክ? ለምን ጨርሶ እንዳልሰማ?»

«ሰምተሽ ምን ይጠቅምሻል ብዬ ነዋ!» ድምፁ ተሰበረ። «አባትሽ እርጅና ላይ ናቸው። እኔ ያጣሁትን አጥቻለሁ። አንቺ ደግሞ አባትሽን እንዳታጪ ብዬ ነው።»

«ስቀየምህ ነው የኖርኩት እኮ» አልኩት። «ስምህ ሲነሳ ከቤት እወጣ ነበር።»

«እኔም ልቀየምሽ ሞክሬ ነበር።» ፈገግ ሊል ፈልጎ አቃተው። «አልሆነልኝም እንጂ።»

ስልኩ ጮኸ። አነሳው። «አቤት... ዳቦ? እሺ፣ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ግን መድኃኒቱን እንዳትረሺ።» ድምፁ የሚተኛ ሕፃን እንደሚያነጋግር ነበር። ደግ ሴት እንዳገባ ከድምፁ ገባኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ እንደዚያ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ስልኩን ሲያስቀምጥ፣ «ያቺን ቀይ የሌላትን ስጠኝ» አልኩት። «ይቺን መልሳት። አባባ እናቴን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ሌላውን አይስማ። ራሱን ሳያውቀው ሲያዝንበት ማየት አልችልም።»

ገባው። ትንሿን አወጣ፤ መጠቅለያ ነጭ ወረቀት ከቁልሉ ላይ ሳበ። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁና ወረቀቱን ተቀበልኩት። በሁለት እጄ ይዤ ደረቴ ላይ አደረግኩት። በሩ ላይ አልነበረም የቆምኩት፤ ባንኮኒው ፊት ነበር፤ ሰዓቱም አልፎ ነበር። ግን ያዝኩት።

ግራ ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ድሮው ረዘመበት። የተከፈተችው ዓይኑ እንባ ሞላች፤ ምን ያህል አይቶኝ እንደሆነ እንጃ።

«ተስተካክሏል» አለ።

ወረቀቱን መለስኩለት። እሱ በዚያው ዕቃዋን ጠቀለላት። ይህቺን ስንብት ሁለታችንም እግዚአብሔር ፊት የማናፍርባት አድርገን ተለያየን።

*

አሁን አባባ ሠርጉን በነጩ ብቻ ያያል። እናቴ ሙሽሪትን ስታቅፍ «ያቻት!» ይላል። እኔ ትሪዬን ይዤ አልፋለሁ፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ሙዚቃና ጭብጨባ ብቻ ነው። ልጄም አትስቅ፣ እኔም አልስቅ።

ትናንት እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ አባባ ጆሮውን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠጋ። ጠበቀ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ያ ልጅ የት ሄደ?»

«የቱ ልጅ አባባ?»

«ያ ያሳዘኑት ልጅ ነዋ። ዛሬ ድምፁ የለም።»

«ሄዷል አባባ» አልኩት።

«ጥሪው እንጂ!» አለ እየተቆጣ። «ጨዋ ልጅ ነው። ልጅቷን ቢሰጡት ምን አለበት?»

ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ ተንሸራቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ አስተካከልኩለት።

«እሺ አባባ» አልኩት። «እጠራዋለሁ።»